አራቱ የጎመን ችግኞች

አቶ ይስማው የሞቱት ጎመናቸው መካከል ነው፤ ማጅራታቸውን በዶማ ተመትተው በግንባራቸው ተደፍተዋል። ጡረታ ከወጡ ወዲህ «ውሃ በጠዋት አጠጡ፤ ያልበሰለ ፍግ አትጨምሩ» እያሉ የደብረ ማርቆስን ዳር ሰፈር ሁሉ ጓሮ ያስተማሩ የግብርና ባለሙያ ነበሩ። ደም የነካው ዶማ ከአጥሩ ሥር ተገኘ። የጎረቤታቸው የታረቀኝ ዶማ ነው። «ባህር ዛፍህ የጓሮዬን ውሃ ጠጣው» በሚል ሰበብ ሁለቱ አይጥና ድመት መሆናቸውን የማያውቅ አልነበረም።

ሰኞ ከሰዓት በኋላ መርማሪዋ ኢንስፔክተር አርሴማ ስትደርስ ሰፈርተኛው ፍርዱን ጨርሶ ጠበቃት። የሟቹ ልጅ ውበቱ ጠመንጃውን ታቅፎ በሩ ላይ ቆሟል።

«ታረቀኝን አሰራችሁት አሉ» አላት።

«ለምርመራ ነው።»

«እሰሩት። ወንድሙ ውጭ ነው። የአባቴ ሠልስት ሳያልፍ ደሙን እመልሳለሁ።»

አርሴማ የጎጃምን ቂም ታውቀዋለች፤ ይህ ሰው እንደማይቀልድ ገባት። እስከ ረቡዕ ገዳዩን ካላገኘች እጁ የሌለበት ሰው ይሞታል።

መደቡ አጠገብ ቁጢጥ አለች። ሟቹ ሲወድቁ ችግኙን ጨፍልቀውታል፤ ገሚሱን ነቅለውታል። ከራሳቸው አንድ ክንድ ርቀት ላይ ግን አራት ችግኞች ቀጥ ብለው ቆመዋል። የታችኛው ቅጠላቸው ተቀንጥሷል፤ ዙሪያቸውን አመድ ተነስንሶላቸዋል፤ በምዕራብ በኩልም ከፀሐይ የሚከልል የግራዋ ቅርንጫፍ ተሰክቷል። አመዱን በጣቷ ገለጥ ስታደርገው ከሥሩ ያለው አፈር በደም ርሷል።

መጀመሪያ የጠየቀችው ሚስቲቱን ወይዘሮ ወለላን ነው።

«የታረቀኝ ዶማ እዚህ ምን ያደርጋል?»

«ዓርብ ዕለት ይስማው ራሳቸው ተውሰው አመጡት፤ የብስባሽ ጉድጓድ ሊቆፍሩበት።»

«የተጣሉ ሰዎች ዶማ ይዋዋሳሉ?»

«ጠዋት ይጣላሉ፤ ማታ ይዋዋሳሉ። ጎረቤት አይደሉ?»

«ጓሮውን ያግዟቸው ነበር?»

«በዚህ ወገቤ? ጎንበስ ካልሁ ዓመት አለፈኝ።»

ውበቱም ስለ ጓሮው ሲጠየቅ «ጎመን መብላት እንጂ መትከል አላውቅም» ብሎ ዘጋት።

ስድስት ዓመት በቤቱ ያገለገለችው ጤናዬ ሰላሳ ዓመት ያለፋት ዝምተኛ ሴት ናት።

«ሲሞቱ የት ነበርሽ?»

«ቧንቧው ጋ፤ ልብስ አጥብ ነበር።» ከዚያ ዓይኗን ወደ መሬት ጣለች። «ኢንስፔክተር፣ እግርዎን ያንሱ፤ ሽንኩርቱን ረገጡት።»

ረቡዕ፣ በሠልስቱ ዕለት፣ አርሴማ ቤተሰቡን ጓሮ ሰበሰበች። ታረቀኝም በካቴና መጣ። ሁለት ፖሊሶች ጠመንጃውን ከትከሻው ያላወረደውን ውበቱን ግራና ቀኝ አጅበው ቆሙ። እሷ አንድ ችግኝ ነቀለችና ሥሩን ፀሐይ ላይ አጋድማ ጣለችው።

«ገዳዩ መትቶ አልሮጠም» ብላ ጀመረች። «አቶ ይስማው ሲወድቁ ከተነቀሉት ችግኞች አራቱን መልሶ ተከለ። አመዱ ከደሙ በላይ ነው፤ ስለዚህ የተተከሉት ከግድያው በኋላ ነው። ታረቀኝ ቢሆን የጠላቱ ጎመን ተነቅሎ ቢቀር ደስታው ነበር። ወይዘሮ ወለላ ማጎንበስ አይችሉም። ውበቱ መትከል አያውቅም። ይህን ያደረገው ሰው መግደል አላስጨነቀውም፤ የችግኝ ሥር ፀሐይ ሲመታው ማየት ግን አልቻለም።»

ሁሉም አርሴማን ያያል። ጤናዬ ብቻ ችግኙን ታያለች። እጇ ሳታዝዘው ተዘረጋ፤ ችግኙን አንስታ ሁለቱን የታች ቅጠሎች ቀነጠሰች፤ እስከ አንገቱ ቀበረችው፤ ግራዋም ሰበረች። ቅርንጫፉን በምዕራብ በኩል ልትሰካ ስትል ዝምታው ተሰማትና ቆመች።

«የአቶ ይስማውን የቆየ ጠብ ስፈልግ ትናንት መርጡለ ማርያም ፖሊስ ጣቢያ ደወልሁ» አለች አርሴማ በቀስታ። «አቶ ይስማው እዚያ ሲሠሩ አካለ ወልድ የሚባል ወጣት ገድለዋል ተብለው ተከስሰው ነበር። ምስክር ጠፋና ተለቀቁ። አካለ ወልድ ጤናዬ የምትባል እህት ነበረችው።»

ጤናዬ አልካደችም። «በመስኖ ውሃ ተጣልተው ነው በጥይት የጣለው። እኔ አይቻለሁ፤ የልጅ ምስክርነት ማን ይሰማል? ልገድለው መጣሁ። ጓሮውን ሲያስተምረኝ ግን ቂሜ ላላ፤ ልተወው ነበር። ሰኞ ዕለት ቦይ እየቀደደ፣ ማን መሆኔን ሳያውቅ፣ ‹በውሃ የተቀናቀነኝን አንድ ጎረምሳ እንደ ጎመን ቀነጠስሁት› ብሎ ሳቀ። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። ዶማው እጄ ላይ ነበር።»

የታረቀኝ ካቴና ተፈታ። ውበቱ ፊቱ ደም ለብሶ ጠመንጃውን ጨበጠ፤ ፖሊሶቹ ክንዱን ያዙት።

«በሴት ላይ ጥይት አላባክንም» አለ ጥርሱን ነክሶ። «ወንድምሽን ጥሪልኝ። የአባቴን ደም የምመልሰው በእሱ ነው።»

ጤናዬ አፈሩን ከጣቷ አራገፈች።

«የነበረኝ ወንድም አንድ ነው» አለችው፤ «አባትህ ቀድሞሃል።»

ከዚያ ሁለት እጇን ለካቴናው ዘረጋች።