የወይዘሮ አስካለ ግራ እጅ

ትርሲት በዚያ ሐሙስ ጠዋትም እንደ ወትሮዋ ቁርሷን በላች፣ ጥርሷን ፋቀች፣ ከዚያ የሌላ ሰው ግራ እጅ ለበሰች።

መንታ እጅጌ ይሉታል። ከትከሻ እስከ ጣት ጫፍ የሚደርስ፣ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ የሳሳ ጥንድ ልብስ ነው፤ አንዱን ታማሚው፣ ሌላውን ተማሪው ያጠልቀዋል። የታማሚው ክንድ ሲዝል የተማሪው ይዝላል፤ የታማሚው ጣት ሲደነዝዝ የተማሪውም ይደነዝዛል። የታማሚው እጅጌ ደግሞ ሌላ ሥራም አለው፤ እጁ ሲሳሳት ቀስ ብሎ ጎትቶ ወደ ትክክለኛው እንቅስቃሴ ይመልሰዋል።

የትርሲት ትምህርት ኦኩፔሽናል ቴራፒ ነው፤ በአገርኛ የዕለት ተግባር ሕክምና። መርፌ የለው፣ ቀዶ ጥገና የለው። በሽታ የነጠቀውን ነገር፣ ቁልፍ መቆለፉን፣ ፀጉር ማበጠሩን፣ እንጀራ መጠቅለሉን መልሶ ማስተማር ነው። የሌላ ክፍል ተማሪዎች “የቁልፍ ሐኪሞች” እያሉ ያሾፉባቸዋል። ያሹፉ። ስትሮክ የመታው ሰው ሱሪውን በራሱ ሲታጠቅ ያላየ፣ ደስታ አየሁ አይበል። ኮሌጁ የሚገኘው ጸዳል ላይ ነው፤ ጸዳል ከምድር በላይ የምትዞር ከተማ ናት። የሰው ክብደት እዚያ ወደ ሲሶ ስለሚወርድ የደከመ ክንድ ቀና ለማለት ይቀለዋል። የሦስተኛ ዓመት ተማሪዎችም የመስክ ልምምዳቸውን በየታማሚው ቤት እየዞሩ ይሠራሉ።

ለትርሲት የደረሷት ታማሚ ወይዘሮ አስካለ ነበሩ፤ የስድሳ ስምንት ዓመት ሴት። አንኮበር ሳሉ ግራ ጎናቸውን ስትሮክ ሲመታቸው፣ ጸዳል ላይ አየር ማጣሪያ የሚጠግነው ልጃቸው ምንተስኖት ወደ ራሱ አስመጣቸው። ባላቸው አቶ ደምሰው “ቤቱንና ከብቱን ለማን ጥዬ?” ብለው እዚያው ቀሩ።

ወደ ምድር ለመመለስ አምስት ተግባራትን ያለ ሰው እርዳታ መፈጸም ግድ ነው። ወይዘሮ አስካለ አራቱን አልፈዋል። የቀረቻቸው አንዲት ነጠላ መልበስ ናት። መርከቧ እሑድ ትነሳለች፤ ያቺ ካመለጠች ሌላ የምትመጣው ከአምስት ወር በኋላ ነው።

አሥራ አንድ ጊዜ ሞከሩ፤ አሥራ አንዱንም ጊዜ እጅጌው “ስህተት” አለ። ነጠላውን ያነሱታል፣ ይዘረጉታል፣ ትከሻቸው ላይ ያጣፉታል። መጨረሻ ላይ ግን ወደ ታች መውረድ የነበረበት ጥለት አንገታቸው ሥር ይገኛል። እጅጌው ሊያስተካክል ሲጎትት እጃቸው ግትር ይላል።

ጸዳል ላይ ተወልዳ ያደገችው ትርሲት ነጠላ የምታውቀው እናቷ በመስታወት አድርጋ ግድግዳ ላይ የሰቀለቻትን ብቻ ነው። የመማሪያ መጽሐፏ “ጥለቱ ወደ ታች” ይላል፤ ከዚያ ወዲያ ትንፍሽ አይልም። ስለዚህ ሪፖርቷ ላይ “ታማሚዋ ላይና ታችን መለየት ተስኗቸዋል” ብላ ጻፈች። ምንተስኖትም ይህንን አንብቦ እናቱን አምስት ወር ሊያቆያቸው ቆረጠ።

ነገሩ ትርሲትን ከነከናት። ወይዘሮ አስካለ ጣታቸውን እያፍታቱ ስለ አንኮበር ጉም፣ ዝናብ ሲያባራ ስለሚሸተው አፈር፣ ደምሰው ስለሚጠርበው ሞፈር ሲያወሩላት ከርመዋል። ያላወቁት አገር አይናፍቅም ይባላል፤ እሷን ግን እግሯ ያልረገጠው አገር ይናፍቃት ጀምሯል። እሷ እንዲህ ከሆነች እሳቸው እንዴት ይሆኑ?

ክፍላቸው ስትገባ የግድግዳው ስልክ እየተናገረ ነበር።

“አስካለ፣ እንደምን አደርሽ?” የሚለው የአቶ ደምሰው ድምፅ ነው። በየጠዋቱ ይደውላሉ።

ወይዘሮ አስካለ እግራቸው እንዴት እንዳደረ፣ የጎረቤቷ ልጅ እንዴት እንዳስቸገረቻቸው፣ ትናንት የቀረበላቸው ሾርባ ጨው እንዳነሰው አንድ በአንድ አወሩ። ድምፁ በትዕግሥት ሰማና፣ “አይዞሽ፣ በርቺ፤ እጠብቅሻለሁ” ብሎ ተሰናበተ። ወይዘሮ አስካለ ግድግዳውን ትንሽ ሲያዩ ቆዩ።

“በይ እንልበስ” አሉ።

አሥራ ሁለተኛው ሙከራ ተጀመረ። ትርሲት በዚህኛው ነጠላውን ማየት ትታ ዐይኗን ጨፈነችና የራሷን ክንድ አዳመጠች። በልምምዷ ብዙ የደከሙ እጆች ለብሳለች፤ የደከመ እጅ እንደ እርጥብ ጨርቅ ነው። ይኼኛው እጅ ግን ጨርቁን በልኩ ይዞ፣ ቦታውን አውቆ ወደ አንገት ይሄዳል። እጅጌው ወደ ታች ሲጎትተው ጠንክሮ ይመክታል። ጉልበት አለው። ድኗል።

ደንቡ ባይፈቅድም የሁለቱንም እጅጌ አወለቀች።

“እትዬ አስካለ፣ እጅዎ አልተሳሳተም። እምቢ ነው ያለው። ነጠላ እንዲህ የሚለበሰው መቼ ነው?”

ወይዘሮ አስካለ ጥለቱን በአውራ ጣታቸው ዳሰሱት። “አዘቅዝቆ መልበስ ይባላል። ሰው ሲሞት ነው፣ ልጄ።”

“ማን ሞተ?”

“ደምሰው። ዛሬ ሃያ ዘጠኝ ቀኑ ነው።”

ትርሲት ሳታስበው ወደ ግድግዳው ዞረች። አሁን ገባት። ድምፅ ተኪ ነው፤ የሰውን የቆዩ ጥሪዎች አጥንቶ በእሱ ፈንታ የሚያወራ መሣሪያ፣ ሩቅ መንገደኞች ለልጆቻቸው የሚተዉት። ለታመመ ሰው መርዶ አይነገርም፤ ይህ ምድርም ላይ ጸዳልም ላይ ያው ነው። ምንተስኖት እናቱ እስኪድኑ ብሎ አባቱን በማሽን ተክቷል።

“ማን ነገረዎት?”

“ማንም። ደምሰው በአርባ አራት ዓመት ትዳር አንድ ቀን ወሬዬን አስጨርሶኝ አያውቅም። አፌን ከፈት ሳደርግ ይቀማኛል። ከሃያ ዘጠኝ ቀን ወዲህ ግን ዝም ብሎ ይሰማኛል።” ወይዘሮ አስካለ ሳቅ አሉ፤ ሳቁ ሳያልቅ ዐይናቸው ሞላ። “በሕይወት ቢኖር እንዲህ ያለ ጨዋ አይሆንም ነበር። በመጀመሪያው ቀን አወቅሁት።”

“ታዲያ ለምን ለልጅዎ አይነግሩትም?”

“እንዴት ብዬ? ከሥራ ሲገባ እኔ የተኛሁ መስሎት ይህን ድምፅ ያናግረዋል። አለቃውን ያማል፣ ምን እንደበላ ይነግረዋል። እኔን ሊያታልል ጀመረው፤ አሁን የሚያቆየው ለራሱ ነው። አወቅሁ ካልኩት ያጠፋዋል። አባቱን በገዛ እጁ ላስገድለው?” ነጠላውን ጭናቸው ላይ አጣጠፉት። “ለአርባው ደርሼ መቃብሩ ላይ ባለቅስ ብዬ፣ ጥለቱን ወደ ታች አድርጌ ልለፍ እላለሁ። ልቤ ቆርጦ ይነሳል። እጄ ነው እምቢ ያለኝ። ዕድሜ ልኬን ያላለቀስኩለት ሰው የለም፤ ለእሱ ብቻ እንደ ሰርገኛ ልልበስ? ለልጄ ግን እንዳትነግሪብኝ።”

ትርሲት እውነቱን ከጻፈች ምንተስኖት ያነባል፤ ካልጻፈች እኚህ ሴት ሐዘናቸውን ዋጥ አድርገው አምስት ወር ይቀመጣሉ። ይህን ያመጣው ደግሞ የራሷ ሪፖርት ነው። አለማወቋ አሳፈራት።

“አንድ መንገድ አለ” አለች በመጨረሻ። “የመጨረሻው ፈተና ያለ እጅጌ መሆን ይችላል፤ የቤተሰብ ሰው ቆሞ እስካየ ድረስ። እኔ ምንም አልናገርም። እሱ ግን ያያል።”

ወይዘሮ አስካለ የታጠፈውን ነጠላ ወደ ጎን አስቀመጡት። ትርሲት ያስቀየመቻቸው መስሏት ልትነሳ ስትል፣ “እንግዲያው ልጄን በማለዳ ጥሪው” አሉ። “መርዶ በማለዳ ነው።”

ዓርብ ማለዳ ምንተስኖት የሥራ ልብሱን እንደለበሰ መጣ። ረጅም፣ ፊቱ እንቅልፍ ያጣ ሰው ነው። “አምስት ወር ቢቆዩ ይሻላል ብያለሁ እኮ” አላት ትርሲትን በሹክሹክታ። ትርሲት ወንበር ሰጠችው።

ወይዘሮ አስካለ አልጋቸው ጫፍ ላይ ተቀምጠው ነጠላውን አነሱ። አንዴ ከጣታቸው አመለጣቸውና መሬት ወደቀ፤ ትርሲት ልታነሳ እጇን ዘረጋችና መለሰችው። ራሳቸው ጎንበስ ብለው አነሱት። ዘረጉት፣ በትከሻቸው አዞሩት፣ አጣፉት። ጥለቱን አንገታቸው ሥር አድርገው በሁለት እጃቸው ያዙት።

“አየሽ? አሁንም ተሳስ…” ብሎ ጀመረ ምንተስኖት። አልጨረሰውም። እሱ አንኮበር ያደገ ልጅ ነው።

“ና፣ ቅረበኝ” አሉት እናቱ። “አባትህ አርፏል፣ ልጄ።”

ወሬውን ቀድሞ የሰማው እሱ ነበር፤ የደበቀውም እሱ። ነገር ግን መርዶውን በስልኩ ሰሌዳ ላይ ካነበበ ጊዜ ጀምሮ፣ አጠገቡ ተቀምጦ ፊቱን እያየ አባትህ ሞተ ያለው ሰው አልነበረም። እናቱ ጭን ላይ ወድቆ እንደ ሕፃን አለቀሰ፤ እሳቸውም ወር ሙሉ የታፈነ ለቅሷቸውን ለቀቁት። ግራ እጃቸው የልጃቸውን ጀርባ ይመታል፣ ያሻሻል፣ ጨምድዶ ይይዛል። እንዲህ ያለውን ሥራ ያስተማረችው ትርሲት አልነበረችም።

በኋላ ምንተስኖት ተነሳና ድምፅ ተኪውን ከግድግዳው ነቀለው። መዳፉ ላይ ይዞት ትንሽ ቆመ። “እሑድ አብረን እንሄዳለን፣ እማዬ” አለ።

ትርሲት የፈተናውን ቅጽ አወጣች። “ያለ እርዳታ ፈጽመዋል?” ለሚለው “አዎ” ብላ ጻፈች። “በትክክል ፈጽመዋል?” ለሚለውም “አዎ” አለች፤ ኮሌጁ ይጠይቃት፣ መልስ አላት።

“ይገርማል” አለ ምንተስኖት እንባውን በሥራ ልብሱ እጅጌ እየጠረገ። “አባዬን የሚያህል ሰው ሞቶ ለቅሶ የሚደርሰን አንድ ሰው እንኳ እዚህ የለንም።”

ትርሲት ቅጹን አስቀመጠች። እዚህ ያደገ ሰው ሐዘን ቤት አያውቅም፤ በሦስት ዓመት ትምህርቷም ስለዚህ የተባለ ነገር የለም።

“እትዬ አስካለ፣ ምንድን ነው የሚባለው?”

“ምንም አይባል፣ ልጄ። ቁጭ በይ።”

ትርሲት ጫማዋን አወለቀችና ወለሉ ላይ፣ አጠገባቸው ቁጭ አለች።