የስለት ቅጠል

ነገር ከሥሩ፣ ውኃ ከጥሩ ይባላልና የእድላዊትን ነገር ከዘንባባው እንጀምር። ቃሊቲ ዋናው መንገድ ዳር፣ የጭነት መኪና ጭስ አጥሩን ባጠቆረው ግቢ ውስጥ አንድ ዘንባባ ነበር። የተከለው ታላቅ ወንድሟ ፀሐዩ ነው። አባታቸው የባቡር ሠራተኛ ሳሉ ከድሬዳዋ ያመጡለትን ችግኝ በር ላይ ተከለና ብዙም ሳይቆይ ወደ ሰሜን ግንባር ዘመተ። ከዚያ የመጣው መርዶው ብቻ ነው። አባትየውም ሐዘኑን አልቻሉትም፤ ተከተሉት።

እናቲቱ ወይዘሮ አለሚቱ የልጃቸው አስከሬን የት እንዳረፈ አያውቁም። ስለዚህ በሙት ዓመቱም፣ ሆድ ሲብሳቸውም የሚቀመጡት ዘንባባው ሥር ነበር። ጎረቤት በነገሩ ይስቅ ይሆናል፤ ወልዶ የቀበረ ግን አይስቅም። እሳቸው ደግሞ መቅበሩም አልደረሳቸው።

የከተማው ባቡር ሐዲድ ሊዘረጋ ነው ተብሎ መንገድ ዳር ያለው ቤት ሁሉ ምልክት ሲደረግበት፣ ወይዘሮ አለሚቱ በቂሊንጦ በኩል የተሰጣቸውን ምትክ ቦታ ሳያንገራግሩ ተቀበሉ። ቤቱ መፍረሱንም እሺ አሉ። ዛፉ ላይ ሲደርሱ ግን እምቢ አሉ። ከነሥሩ ካልሄደ እኔም አልሄድም ብለው ሥሩ ቁጭ አሉ። እድላዊት ከምትሠራበት የልብስ ስፌት ፋብሪካ ተጠርታ መጥታ እናቷን ከዶዘር ፊት ለማስነሣት ስትለምን ዋለች።

እግዜር ሳይደግስ አይጣላም፤ ፈቀደን ያመጣው ይኸው ጭንቀት ነው። ፈቀደ አቃቂ ወንዝ ዳር ችግኝ የሚያፈላ፣ ዝምታ የሚያበዛ፣ ጥፍሩ ሥር አፈር የማይጠፋ ወጣት ነበር። ሰው ጠቁሟቸው አስመጡት። ዛፉን ዞሮ ዞሮ አየው፤ ግንዱን በመዳፉ መታ መታ አደረገው።

«ይነሣል፣ እማማ» አለ። «ማንሣቱ ምንም አይደል። ከባዱ ከተተከለ በኋላ ያለው ነው።»

አፍራሾቹን ለምኖ ጥቂት ቀን አገኘ። ዙሪያውን በጥንቃቄ ቆፈረ፤ ሥሩን ከነአፈሩ በእርጥብ ጆንያ ጠቀለለ። ቀጥሎ ቅጠሎቹን ሁሉ ወደ ላይ ሰብስቦ በገመድ ማሰር ሲጀምር፣ ገመዱን የምታቀብለው እድላዊት ነበረች።

«ለምን ታስራቸዋለህ?»

«ልቡ እንዳይሰበር። ዘንባባ ልቡ አንድ ነው፤ መሃል ላይ ያለው ቡቃያ። ሌላ ዛፍ ቢቆርጡት በጎን ያቆጠቁጣል። ይሄ ልቡ ከተነካ አለቀ።»

«እንደ ሰው ነዋ።»

«ሰውስ ያገግማል» አለና ቀና ብሎ አያት። ገመዱ በሁለቱ እጅ መሃል ትንሽ ቆየ። ማንም ቀድሞ አልለቀቀም።

የመንገድ ሠራተኞቹ የክሬን ሾፌር የወይዘሮ አለሚቱን እንባ አይቶ አዘነና ዛፉን አንሥቶ አይሱዙ ላይ አስተኛላቸው። የቂሊንጦ አፈር ጥቁር ዋልካ ነው፤ ውኃ ይዞ ሥር ያበሰብሳል። ይህን ስለሚያውቅ ፈቀደ ጉድጓዱን አስፍቶ ከሥር አሸዋና ጠጠር ሞላበት። ዛፉ ሲቆም በሦስት በኩል የባሕር ዛፍ አጣና ደገፈለት። ከዚያም ለእናትና ልጅ ትእዛዝ ሰጠ። ውኃ ሥሩ ላይ እንጂ አናቱ ላይ አይፈስም፤ ደግሞም ቢደርቅም ባይደርቅም ቅጠል አይቆረጥም።

መጽደቁን የሚያውቁበትን ዘዴም ለእድላዊት አሳያት። መሰላል ላይ ወጥቶ፣ መሃል ላይ ተጠቅልሎ የቆመውን ያልተፈታ ቅጠልና አጠገቡ ያለውን አሮጌ ቅጠል አንድ ላይ በከሰል አሰመረባቸው። ልቡ በሕይወት ካለ መሃለኛው ያድጋል፤ የእሱ መስመርም ከጎረቤቱ መስመር ከፍ ይላል። ካልሆነ ሁለቱ መስመሮች እንደተያያዙ ይቀራሉ። እንግዲህ ከፈረቃ መልስ መሰላል መውጣት የእድላዊት ሥራ ሆነ። ወርዳም ስልክ ትደውላለች። መስመሩ ንቅንቅ እንዳላለ ለመናገር አንድ ቃል ይበቃ ነበር፤ እነሱ ግን ካርድ እስኪያልቅ ያወሩ ነበር።

እሱም ከሥራ ሲወጣ ብቅ ይላል። ድጋፉን ያጠብቃል፤ አፈሩን በጣቱ ወግቶ እርጥበቱን ያያል። ዛፉን ለማየት ነው የመጣሁት ይላል። ታዲያ ዛፉ ጓዳ በር ላይ የቆመ ይመስል ዓይኑ ወዲያ ነበር። እድላዊትም ወደደችው። ከፋብሪካው አውቶቡስ ወርዳ ሰፈሯ እስክትደርስ ልቧ የሚመታው በእሱ ምክንያት እንደሆነ ለራሷ አልዋሸችም።

ወይዘሮ አለሚቱ የሞቱባቸውን ሲያስቡ ያሉትን የማያዩ ይመስላሉ እንጂ ምንም አያመልጣቸውም። አንድ ማታ ፈቀደን ዘንባባው ሥር አስቀመጡት።

«ልጄን እንዴት እንደምታያት አያለሁ» አሉት። «ቤት የለህም፤ ዘመዶችህንም አላውቅም። ያለችኝ እሷ ብቻ ናት። ዛፉ ይጽደቅና ሽማግሌ ላክ። የፀሐዩን ዛፍ ያቆመ እጅ ልጄንም አይጥላትም።»

ያልነገሩት ነገር ግን ነበር። በዚያው ሰሞን ቤተ ክርስቲያን ሄደው ተስለዋል። ዛፉ ከጸደቀ የመጀመሪያዋን አዲስ ቅጠል ለሆሳዕና አስገባለሁ ብለው ነበር። ስለት የሰውና የእግዜር ምስጢር ነው ብለው ስለሚያምኑ ለልጃቸውም አልተነፈሱም። ምነው በተነፈሱ።

ጥምቀት ካለፈ በኋላ አንድ ቀን እድላዊት ከመሰላሉ ላይ እንደቆመች ደወለች። መስመሩ ተለያይቷል። መሃለኛው ቅጠል አድጓል። ሽማግሌዎቹ ከፋሲካ ቀጥሎ በሚውለው እሑድ እንዲመጡ ተቆረጠ።

በሆሳዕና ዋዜማ እድላዊት የፋብሪካ ፈረቃ ላይ ነበረች። ወይዘሮ አለሚቱ ጎረቤታቸውን አስቴርን መሰላል አስይዘው፣ በዚያ ዕድሜያቸው ቢላዋ ይዘው ወጡ። ዛፉ ከጸደቀ ወዲያ የፈቀደ ክልከላ ያበቃ መስሏቸዋል። ለእግዜር የተሳሉትን ከአሮጌው አይሰጡም። ለምለሙን፣ ነጩን፣ ለመታታት የሚመቸውን መረጡ፤ ነጭ ነጩን እያሉም ወደ ውስጥ ጠልቀው ከሥሩ ሸልቅቀው አወጡት። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው ይኼ ነው።

በማግሥቱ ፈቀደ ሲመጣ ወይዘሮ አለሚቱ ነጠላቸውን እንደለበሱ በር ላይ ተቀበሉት። ፊታቸው እንደዚያ በርቶ አያውቅም። ከቅጠሉ የተታታ ቀለበት አውጥተው በእጃቸው ጣቱ ላይ አጠለቁለት።

«የልጄ ቅጠል ናት፤ ለአንተም አስቀረሁልህ» አሉት። «ስለቴን ከፈልኩ፤ አሁን እንቅልፍ ይወስደኛል።»

ፈቀደ ቀለበቱን ሳመና አመሰገነ። ከዚያ ጓሮ ዞሮ መሰላሉን ወጣ። ሲወርድ ፊቱ አመድ መስሏል። እድላዊት ውኃ በርሜሉ ዘንድ ጠብቃው ነበር።

«ልቡ የለም» አላት። «እስከ ክረምት አረንጓዴ ሆኖ ይቆማል። ዘንባባ መሞቱ ቶሎ አይታወቅበትም። ግን ሞቷል።»

እድላዊት እናቷ በር ላይ ቆመው ከአስቴር ጋር ሲሳሳቁ ሰማች። ስንት ዓመት ያልሰማችው ሳቅ ነው። እነግራታለሁ ብላ ማሰብ እንኳ አልቻለችም። ልጅሽን ደግመሽ ገደልሽው ማለት ነው። ስለዚህ ፈቀደን ለመነችው። ሽማግሌዎቹ በቀጠሮአቸው ይምጡ፤ ዛፉ ቢደርቅም ከሠርጉ በኋላ ይደርቃል፤ ያኔ ክረምቱ በዛበት እንላለን አለችው። እሱ በሞተ ዛፍ ሽማግሌ መላክ ቀፈፈው። እሷ ስታለቅስ ግን እሺ አለ።

ሽማግሌዎቹ በተባለው እሑድ መጡ። መሪያቸው የፈቀደ አጎት አቶ ታደሰ ነበሩ። እንደ ወጉ መልስ ሳናገኝ አንቀመጥም ብለው ቆመው ጥያቄያቸውን አቀረቡ። እድላዊት ከመጋረጃው ኋላ ነበረች። እናቷ ያን ሰሞን እህል እንደማይቀምሱ፣ ሌሊቱንም ሲገላበጡ እንደሚያድሩ አውቃለች፤ ምክንያቱን ግን አልነገሯትም ነበር።

«መልስ ከመስጠቴ በፊት ልጁ ይጠራልኝ» አሉ ወይዘሮ አለሚቱ።

ልማዱ አይደለም። ቢሆንም አቶ ታደሰ ደወሉ፤ ጥግ ሱቁ ጋ ቆሞ ሲጠብቅ የነበረው ፈቀደ ገባ።

«የዘንባባው መሃል ጠቁሯል» አሉት። «መሃሉን እንደቆረጥሁ ብነግራት አስቴር በአገሬ ልቡ የተቆረጠ ዘንባባ አይተርፍም አለችኝ። ከዚያ ወዲህ እህል በጉሮሮዬ አልወርድ ብሏል። እውነቱን ንገረኝ፣ ልጄ። የገደልኩት እኔ ነኝ?»

ፈቀደ ወደ መጋረጃው አየ። ከዚያ ዓይኑን ወለሉ ላይ ጣለ።

«እርስዎ አይደሉም፣ እማማ። ሥሩን ስቆርጥ አበላሽቼዋለሁ። ያኔ ነው የሞተው፤ ቅጠሉ ያደገው በቀረው ጉልበት ነው። እያወቅሁ ነው ሽማግሌ የላክሁት።»

ወይዘሮ አለሚቱ መጀመሪያ ረጅም ትንፋሽ ተነፈሱ። እድላዊት በመጋረጃው ቀዳዳ ያየችው ይህንን ነው፤ እናቷ ሲድኑ አየች። ቁጣው የመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

«ልጄን ሁለተኛ ገደልከው» አሉት። «ውጣልኝ።»

ሽማግሌዎቹ አፍረው ጋቢያቸውን ሰብስበው ወጡ። አቶ ታደሰ የእህታቸውን ልጅ ዞረው እንኳ አላዩትም። አንድ ቃል ከመጋረጃው ኋላ ቢወጣ ሁሉም ይለወጥ ነበር። አልወጣም።

እድላዊት ታክሲ መጠበቂያው ላይ ደረሰችበት።

«ለምን?» አለችው።

«እኔን ቢጠሉ ይኖራሉ። ራሳቸውን ቢጠሉ ግን የሚኖሩ አይመስለኝም።»

«እኔስ?»

ረዳቱ አቃቂ አቃቂ እያለ ይጣራል። ፈቀደ እጇን ያዘና ለቀቀው።

«እውነቱን የምትነግሪያቸው ቀን ከመጣ እመጣለሁ» አላት። «ባትነግሪያቸውም አልቀየምሽም።»

ቆርጣ ተመለሰች፤ አሁኑኑ ልትነግራቸው። ወይዘሮ አለሚቱ ዘንባባው ሥር ተቀምጠው ፈቀደን እየረገሙ አገኘቻቸው። እየረገሙ ነበር፤ ግን እየበሉ ነበር። ከስንት ቀን በኋላ ዳቦ ቆርሰው እያላመጡ ነበር። እድላዊት አጠገባቸው ተቀመጠች። ነገ እነግራታለሁ አለች። ነገ ሌላ ነገ ወለደ፤ ክረምት ገባ፤ ዘንባባው ከላይ እስከ ታች ደረቀና ለመስቀል ቆርጠው አነሡት።

ፈቀደ ጠበቀ። ይደውል ነበር፤ ስለ ዛፍ አይጠይቅም፤ ነገርሻቸው ወይ ብሎም አያውቅም። እሷም ስልኩን ዘግታ እናቷን ታያለች፤ ነገ ትላለች። እንዲህ እያሉ ስልኩ እየራቀ ሄደ። አንድ ዓመት ሙሉ ያልደወለበት ዓመት መጣ። እሷም አልደወለችም።

ባቡሩ ሥራ ጀምሮ ሰው ከተላመደው በኋላ፣ አስቴር ወሬ ይዛ መጣች። ያ አትክልተኛ አቃቂ ላይ ሠርግ ደግሷል። እድላዊት ሰሃን እያጠበች ነበር። እጇ ውኃው ውስጥ ቀረ።

ወይዘሮ አለሚቱ በረጅሙ ተነፈሱ። ምስኪኗን ሙሽራ አሉ፤ እጁ የነካው አይጸድቅ። ከዚያ ወደ ልጃቸው ዞሩ፤ ድምፃቸው ለስልሶ ነበር።

«አየሽ፣ እድሌ፣ እግዜር እንዴት እንዳተረፈሽ?»

«አዎ፣ እማዬ» አለች እድላዊት።