አመዱን ማን ደፋው?

«እስቲ ነይ እዪው» አላት አያቷ አርማንድ፣ ተንበርክኮ የብሉቤሪውን ቅጠል በአውራ ጣቱ እየዳበሰ። «ጅማቱ አረንጓዴ ነው፤ መሃል መሃሉ ግን ቢጫ። ይሄ ውሃ ጥም አይደለም። አፈሩ ነው።»

ኦዴት ጎንበስ አለች። ስድስቱም ቁጥቋጦዎች እንደዚያው ነበሩ። ሌላ ጊዜ ሰኔ ሲገባ ቅርንጫፎቹ ፍሬ ከብዷቸው ይጎብጡ ነበር። ዘንድሮ ፍሬው ከምስር አይበልጥም።

አያቷ ከሥር የተነጠፈውን የጥድ ቅጠል ገለጥ አደረገ። ግራጫ ነገር ታየ። ቆንጠር አድርጎ በጣቶቹ መሃል አሸው።

«አመድ» አለ ቀስ ብሎ። «አመድ እኮ ነው!»

ኦዴት ወደ ኋላ ፈቀቅ አለች። መጋቢት ላይ አያቷ ለጉልበቱ ቀዶ ሕክምና ሆስፒታል ተኝቶ ሳለ የምድጃውን አመድ እየዛቀች እዚህ ያፈሰሰችው እሷ ናት። ጎረቤታቸው ቲማቲሟ ሥር አመድ ስትነሰንስ አይታ፣ «ሲመለስ ደስ ይለዋል» ብላ አስባ ነበር። ብሉቤሪ ኮምጣጣ አፈር እንደሚወድ፣ አመድ ደግሞ ያንን ኮምጣጣነት እንደሚያጠፋበት ስልኳ ላይ ያነበበችው ባለፈው ሳምንት ነው። ከዚያ ወዲህ ወደ ጓሮው ብቅ ብላ አታውቅም።

«አርባ ዓመት!» አለ አያቷ። «አያትሽ ከተከለቻቸው ጀምሮ አንድ ጭብጥ አመድ አስጠግቼባቸው አላውቅም። አሁን ረስቼ ደፋሁት ማለት ነው።»

«አባባ…»

«ባለፈው ቁልፌን ማቀዝቀዣ ውስጥ አላገኛችሁትም? እናትሽ ልክ ናት። ቀን ቀን ብቻዬን መዋል የለብኝም።» ወደ ወጥ ቤቱ መስኮት ዞረ። «ሊዜት! ያ ያልሽው የአረጋውያን መጦሪያ ቦታ እንዳለው ደውለሽ ጠይቂ። እገባለሁ።»

እናቷ በመስኮቱ ብቅ አለች። «የምርህን ነው አባዬ?»

«የምሬን ነው።»

ኦዴት ዝም ብትል ማንም አያውቅም። አያቷ ግን አመድ የነካቸውን ጣቶቹን የሌላ ሰው እጅ ይመስል ትክ ብሎ ያያቸው ነበር።

«እኔ ነኝ የደፋሁት» አለች።

ቀና ብሎ ተመለከታትና ፈገግ አለ። «አትፎግሪኝ። ልታጽናኚኝ ነው አይደል?»

ቢቆጣት ይሻላት ነበር። ተንበርክካ አመዱን በጣቷ ትጭር ጀመር። «አንተ ሆስፒታል እያለህ አሮጌውን የበረንዳ ደረጃ ቀይረን የለ? እንጨቱን ያነደድኩት እኔ ነኝ። ይኸው!»

እሳት ያጠቆረው ሚስማር አወጣች። ከዚያ ሌላ።

አያቷ ሚስማሩን ተቀብሎ አገላበጠው። ያንን ደረጃ የሠራው ራሱ ነበር። ትከሻው መንቀጥቀጥ ሲጀምር ኦዴት የሚያለቅስ መሰላት፤ እሱ ግን ዓይኑ እንባ አቅርሮ ይስቅ ነበር።

«እኔ እኮ ጭንቅላቴ አለቀለት ብዬ…» አለና አልጨረሰውም። «ለምን ዝም አልሽ?»

«አያቴ የተከለቻቸውን ገደልኳቸው ብዬ ፈራሁ።»

«ማን ሞተና? አመዱን ጠርገን እናነሳለን፤ አፈሩን መልሶ እንዲያኮመጥጠው ድኝ እንነሰንስበታለን። ቀስ ይላሉ እንጂ ያገግማሉ።» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ቁልፉን ግን ማቀዝቀዣ ውስጥ የከተትኩት እኔው ነኝ። እሱን አንቺ ላይ አላላክክም።»

እናቷ ስልኩን ጆሮዋ ላይ ለጥፋ በመስኮቱ አጠገብ ወዲያ ወዲህ ትላለች።

«ልንገራት?» አላት አያቷ።

«አይ። እኔው እነግራታለሁ።»

እጇን ሱሪዋ ላይ ጠረገችና ወደ ቤት ገባች።

«እማዬ፣ አንዴ ስልኩን ዝጊው።»