የብስኩቱ ቆርቆሮ

«አንዲት ፍሬ ብቻ፣ እትዬ! ልጁ ሲያስለው አደረ» አለች ጎረቤቷ ልብስ ሰፊ፣ ልጇን አዝላ በሩ ላይ ቆማ።

አክስት ወዲያው ተነሣች። ከቁም ሣጥኑ አናት ላይ የድሮ ብስኩት ቆርቆሮ አወረደች። ውስጡ ከየታማሚው የተረፈ እንክብል ነው፤ ቀይና ጥቁር፣ ቢጫ፣ ነጭ። ጎረቤት ሲታመም ወደዚህ ቤት ይመጣል። አክስት ለማንም እምቢ ብላ አታውቅም።

«የሰፈራችን ሆስፒታል እኮ እርስዎ ነዎት!» አለች ልብስ ሰፊዋ።

በቅጥነቷ ድንቢጥ ያሏት የእህቷ ልጅ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣ ጉልበቷን ታሻለች። ቁስሉ ድኗል፤ ጠባሳው ግን ገና ቀይ ነው። ትምህርት ቤት ስትሮጥ የወደቀች ዕለት አክስቷ ከዚሁ ቆርቆሮ አንድ እንክብል ፈልቅቃ ዱቄቱን ቁስሉ ላይ ነስንሳላት ነበር። እግሯ አበጠ። ትኩሳት ሲያንቀጠቅጣት አክስቷ አዝላት ሆስፒታል ሮጠች፤ አልጋዋ ሥር ካርቶን አንጥፋ ተኛች። የመጀመሪያው መርፌ አልሠራም። ሁለተኛውም። በመጨረሻ የላቦራቶሪው ሰው ከቁስሉ የወሰደውን ጀርም በብልቃጥ አሳድጎ፣ መድኃኒቶቹን ሞክሮበት፣ የሚገድለውን አገኘ። ድንቢጥ ስሙን አታውቅም። ስትጸልይ «ያን የላቦራቶሪ ሰውዬ ጠብቅልኝ» ትላለች።

ሆስፒታል ሳለች፣ አክስቷ ውኃ ልትቀዳ በወጣችበት ሐኪሟ ነግራታለች። «ጀርሞቹ መድኃኒት እየለመዱ ነው። ተጀምሮ የሚቋረጠው፣ ቁስል ላይ የሚነሰነሰው ነው የሚያለማምዳቸው።»

ድንቢጥ ይህን ለአክስቷ አልተናገረችም። ያዘለኝን ጀርባ እንዴት ልውቀስ ብላ ዋጠችው።

ቆርቆሮው ተከፈተ።

«አክስቴ፣ አትስጫት።»

ልብስ ሰፊዋ ሳቀች። «ሆስፒታል ተኝታ ሐኪም ሆና ወጣች!»

አክስት አልሳቀችም። «ለምን?»

«የኔን ጀርም ይሄ አልገደለውም። ለምዶታል። ሐኪሟ ናት ያለችኝ። ልጁ ጤና ጣቢያ ይታይ፤ እኔም አብሬያቸው እሄዳለሁ።»

አክስት የድንቢጥን ጉልበት አየች። ከዚያ እጇ ላይ ያለውን እንክብል። ዓይኗ እንባ አቀረረ።

«እኔ ነኛ ያሳመምኩሽ፣ ልጄ?»

«አንቺማ ያዳንሽኝ ነሽ» አለች ድንቢጥ ቶሎ ብላ። «ባትሮጪልኝ ይሄ እግር ዛሬ የት ነበር?»

አክስት እንክብሏን መለሰች፤ ክዳኑን ገጠመች። ወደ ልብስ ሰፊዋ ዞረች።

«ልጁን ወዲህ በይ። አንቺ ስትንቆራጠጪ አድረሻል፤ እኔ አዝለዋለሁ።»

ድንቢጥ ጫማዋን አጠለቀች። ጥቂት ካመነታች በኋላ ቆርቆሮውን ከጠረጴዛው አንሥታ ብብቷ ሥር ያዘችው፤ ለጤና ጣቢያው ፋርማሲስት ልታስረክበው።

አክስት ልጁን እንዳዘለች በሩ ላይ ዞራ አየቻት።

«ክዳኑ ልል ነው» አለች። «እንዳይደፋ፣ በደንብ ያዥው።»