ባዶው መልስ

ድንቢጥ ስክሪኑ ላይ አፈጠጠች። የማጣሪያ ፈተናውን የመጨረሻ ጥያቄ ሰዓት አልቆባት ባዶ ትታው ነበር፤ አጠገቡ ግን አረንጓዴ ምልክት ተደርጎበታል። ትክክል!

ወይ ጉድ!

የጥያቄው መልስ ዜሮ ነው። አራሚውን ፕሮግራም የጻፉት የኮምፒውተር መምህሩ ናቸው፤ ድንቢጥም የኮምፒውተር ክበቡ ጸሐፊ ስለሆነች ኮዱን ከፍታ አየችው። የፈራችው አልቀረም፦ የተማሪውን መልስ ከትክክለኛው ጋር የሚያወዳድረው መስመር ላይ ያለው ሁለት እኩል ምልክት ብቻ ነው። ራሳቸው አይደሉ እንዴ ያስተማሩት? «በሁለቱ ካወዳደራችሁ ኮምፒውተሩ ግድ የለውም፤ ባዶውንም ዜሮ ነው ብሎ ያሳልፋል። ሦስት ስታደርጉለት ነው ጠበቅ የሚለው» ብለው።

ክበቡን ወክሎ ለውድድር የሚሄደው አንድ ሰው ነው። ድንቢጥ የአክስቷን ልጅ የበለጠቻት በግማሽ ነጥብ፣ ይሄ ጥያቄ ደግሞ አንድ ሙሉ ነጥብ። ክረምቱን ሁሉ ቤት ውስጥ ባለችው አንዲት ላፕቶፕ እየተሻሙ ነው አብረው ያጠኑት።

«ምን ታፈጥጫለሽ? ውጤትሽን በዓይንሽ ልትበዪው ነው?» አለች የአክስቷ ልጅ፣ ከኋላዋ መጥታ ትከሻዋን ያዝ አድርጋ። ትስቃለች፤ ዓይኗ ግን ቀልቷል። ሌሊቱን ስታለቅስ እንዳደረች ድንቢጥ ታውቃለች፤ የሚተኙት አንድ ክፍል ነው።

«አንቺም እኮ ጎበዝ ነሽ።»

«ተይኝ ባክሽ! እኔ ቁርጤን አውቄያለሁ። ብቻ ስትመለሺ አንድም ሳታስቀሪ ትነግሪኛለሽ፣ እሺ?»

ድንቢጥ ወደ ስክሪኑ ዞረች። ማንም አላየም እኮ። ደግሞስ ብትናገር፣ መምህሩ በተማሪ ፊት ሊያፍሩ? እናቷስ? ትናንት ስሟ ሲጠራ ለዘመድ አዝማዱ ሁሉ ደውላ አውጃለች። ምን ብላ ትመልሰው? ፈራች፤ በጣም ፈራች።

መምህሩ ከፊት ሆነው አጨበጨቡ። «በሉ፣ የተወዳዳሪያችንን ስም ልልከው ነው። ቅሬታ ያለው አለ?»

ጣታቸውን ወደ ኪቦርዱ ሰደዱ።

«ቲቸር፣ ቆይ አንዴ!» ድምጿ ከጠበቀችው በላይ ጮኾ ወጣ። «አራሚው ባዶ መልስ ትክክል ብሎታል።»

ቀና አሉ። «የማንን መልስ?»

የአክስቷ ልጅ እጅ አሁንም ትከሻዋ ላይ ነው።

«የኔን» አለች ድንቢጥ።