ከኖራው በታች ያለው ፊት

ሳህለ ከደወል ቤቱ ግርጌ በጀርባው ተዘርሮ ተገኘ። ማጅራቱ ተፈንክቷል። ጡረታ የወጣ አርክቴክት ነበር፤ ጣሊያኖች አዲስ አበባን በያዙበት ዓመት ሮም ውስጥ ቶር ፒኛታራ በሚባለው ሰፈር የሠሩትን፣ ዛሬ ሐበሻ ካቶሊኮች የሚጸልዩበትን ይህን ቤተ ክርስቲያን ሲያጠና ከርሟል።

«ደወል ቤቱ ላይ ሲወጣ በዓይኔ አይቼዋለሁ» አለ የምእመናኑ ሊቀ መንበር ብስራት። «ራሱን አዞረው መሰለኝ።»

«ከመንበሩ ጀርባ ሲሠራ የነበረውንስ አይተዋል?» አለች መርማሪዋ ሳምራዊት።

«መጋረጃውን አልፌ አላውቅም።»

ሳምራዊት የደወል ቤቱን ደረጃ ወጣች። ግድግዳው ያልተለሰነ ቀይ ሸክላ ነው፤ ከመጥበቡ የተነሳ ትከሻዋን ግራና ቀኝ እየፋቀ አሳለፋት። ወርዳ ሬሳውን እንደገና ጎንበስ ብላ አየችው።

ከመንበሩ ጀርባ የሳህለ ረዳት ልዕልቲ ታለቅሳለች። ሁለቱ እዚያ የወረራውን ዘመን የግድግዳ ሥዕል ሲገልጡ ነበር። ከጦርነቱ በኋላ ካህናት አፍረው በኖራ የሸፈኑት ነው። አሁን አንድ ፊት ተፍቆ ጠፍቷል።

«ትናንት ደህና ነበር» አለች።

«እኔ እንደተሸፈነ ይቅር ብዬ ነበር» አሉ የቤተ ክርስቲያኑ ቄስ አባ ገብረሃና ከዘራቸውን ተደግፈው። «ሰው እስኪሞት ግን አይደለም፣ ልጄ።»

ሳምራዊት ሦስቱንም መንበሩ ፊት ሰበሰበቻቸው።

«አሎራ፣ እንግዲህ ጃኬቴን እዩት። ያንን ደረጃ የወጣ ሰው ልብሱ በሸክላው ይቀላል። የአቶ ሳህለ ኮት ላይ ግን ያለው ነጭ ኖራ ብቻ ነው። ደወል ቤቱን አልወጡም፤ እዚህ ሞተው በጎን በር ነው የተወሰዱት። ከሥዕሉም አንድ ፊት ተፍቋል።»

«የተንበረከከ ባንዳ ፊት ቢጠፋ ማን ያለቅሳል?» አለ ብስራት።

«መንበርከኩን ማን ነገረዎት? መጋረጃውን አላለፍኩም ብለውኝ ነበር። ያልወጣ ሰው ሲወጣ አየሁ ያሉኝስ ለምንድን ነው?»

ብስራትን ሰው ሁሉ የሚያከብረው የአርበኛ ልጅ ልጅ ብሎ ነው።

«ሳህለ ጠርቶኝ ‹አያትህ እዚህ ሥዕል ውስጥ አሉ› አለኝ። ቀና ስል የሚታየኝ ለፋሺስቱ ሹም የተንበረከከው ብቻ ነው፤ እሱን ያለኝ መሰለኝ። አላስጨረስኩትም፤ ገፋሁት። ጭንቅላቱ እብነ በረዱ ላይ አረፈ።»

ልዕልቲ ወደ ግራው ጥግ ሄዳ የአቧራ መከላከያውን ሸራ ገለጠች። በሰንሰለት ከታሰሩት እስረኞች መካከል አንዱ ቀና ብሎ ያያል፤ ከእግሩ ሥር ስሙ ተጽፏል።

«ጋሽ ብስራት፣ አያትዎ እኚህ ናቸው። ጋሽ ሳህለ ደስ ይበለው ብለው የጠሩዎት ይሄንን ሊያሳዩዎት ነበር።»

ብስራት ስሙን አነበበ። ደግሞ አነበበ። ሳምራዊት ክንዱን ይዛ ልታወጣው ብትሞክር ዞሮ ስሙን እንደገና አነበበ።