ሦስተኛው ቺንጋ

የስፌት ማሽኑን የሚያሽከረክረው ቺንጋ በስለት ተቆርጦ መሬት ላይ ተጋድሟል። በሦስት ሳምንት ሦስተኛው ነው። ሦስቱም የአንድ ማሽን፣ ሦስቱም በምሳ ሰዓት።

ማሽኑ የመብረቅ ነው። ጫማ ፋብሪካው ውስጥ እንደ እሷ የሚሰፋ ስለሌለ ያወጡላት ስም ነው። ሥራውን ሊያፋጥን የመጣው ሰዓት ለኪ ሲቆምባቸው ሌላው ሁሉ አውቆ ተጎተተ። እሷ ግን እልህ ያዛትና አንዱን ጫማ በአርባ ሰከንድ ሰፋች። አርባ ሰከንድ የሁሉም ግዴታ ሆነ። ከዚያ ወዲህ ጥርሱን ያልነከሰባት የለም።

ጉዳዩን ሊያጣራ የተጠራው ሳጅን የፋብሪካውን መካኒክ ፊቱ አስቀመጠ።

«ቢላዋ ትይዛለህ?»

«መካኒክ ነኝ፤ ማንኪያ ልያዝ?»

«በአዲሱ ዕቅድ ከሥራ ትወጣለህ አሉ።»

«እወጣለሁ። ግን ቺንጋ ቢቆረጥ የምቀይረው እኔ! ራሴን ላደክም?»

ሳጅኑ ካቴናውን አወጣ። የመካኒኩ ፊት አመድ መሰለ። መብረቅ ግን ደስ አላት፤ አብረዋት ከሚሰፉት ይልቅ እሱ እንዲሆን ፈልጋ ነበር።

ሳጅኑ ድንገት ወደ ሰዓት ለኪው ዞረ።

«በየማሽኑ ፊት የሚከመረውን ጫማ ትመዘግባለህ አይደል? አምጣው።»

ወረቀቱን በጣቱ ተከተለ። ሃያ፣ አርባ፣ ስልሳ። ከዚያ ቺንጋው ይቆረጣል። እስኪቀየር ግማሽ ቀን ያልፋል፤ እስከዚያ ክምሩም ተሰፍቶ ያልቃል። ሦስቱም ጊዜ እንደዚያው።

«ይሄ ክምር የማን ነው? ከመብረቅ ተቀብሎ ቀጥሎ የሚሰፋው ማነው?»

ቀጥላ የምትሰፋው የመብረቅ ታላቅ እህት ናት፤ እናታቸው ስትሞት ያሳደገቻት፣ ስፌት ያስተማረቻት።

«እትዬ?»

እህቷ መቀሷን ከሽርጧ ኪስ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

«ዓይኔ ደክሟል፣ የኔ እናት። መርፌው አይታየኝም። ክምሩን ካዩ ያባርሩኛል።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ምን ብዬ? ቀስ በይልኝ ብዬ? ቶሎ በይ እያልኩ ያሳደግኩሽ እኔ አይደለሁ?»

ሳጅኑ ካቴናውን ወደ ኪሱ መልሶ እህቷን በክንዷ ይዟት ወጣ። መብረቅ መካኒኩን ቀና ብላ ለማየት አፈረች። አዲሱን ቺንጋ እስኪያስገባላት ጠበቀች፤ ከዚያ ሰዓት ለኪውን ጠራችው።

«እንደገና ለካኝ።»

በሕይወቷ እንዲያ ቀስ ብላ ሰፍታ አታውቅም። እንባዋ ጫማው ላይ ይንጠባጠባል።

«ዘጠና ሰከንድ» አለ ሰውየው ግራ ተጋብቶ።

«ጻፈዋ» አለችው።

ከኋላዋ ያሉት ማሽኖችም፣ አንድ በአንድ፣ ቀስ አሉ።